ሙቀቱ ይግባ፤ አፋኙስ በየት ይውጣ?



የኅዳር ሚካኤል ዕለት እኛም እንደ ወትሮው «ኅዳር ሲታጠን» ብለን ጥራጊውን፣ ደረቅ ቅጠሉንና የተቀደደ ጆንያውን ደጅ ላይ ሰብስበን አጤስን። ልማዱን ብዙዎች በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር ያያይዙታል፤ በሽታውን በጭስ ለማባረር ነው። ማታ ቤቴ ገብቼ ጋቢዬን ስደርብ ግን አንድ ነገር አሳቀኝ፤ ቆየት ብሎም አሳሰበኝ። ጠዋት በሽታን ከደጅ እናባርር ያልን ሰዎች፣ ማታ በርና መስኮት ዘግተን የከሰል ምድጃውን ወደ መኝታ ቤት አስገባን።

ያሳሰበኝ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው ሳምንት ከሮቤ አንዲት እናት የጻፈችልኝ ደብዳቤ እጄ ላይ ነበር። አሳጥሬ እንዲህ አቀርበዋለሁ፤

«ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ ከጭቃ ቤታችን ወጥተን አዲስ ብሎኬት ቤት ገባን። ቤቱ ጥሩ ነው፤ ብርዱ ግን ከበፊቱ ባሰብን። ከገባን ወዲህ እኔና ሦስቱ ልጆቼ ጠዋት ስንነሣ ራሳችንን ይከፍለናል፣ ያቅለሸልሸናል፣ ጉልበታችን ይከዳናል። ሁለት ጊዜ ታይፎይድ ነው ተብለን መድኃኒት ወሰድን። ባለቤቴ ጥበቃ ስለሆነ ሌሊት ውጭ ያድራል፤ እሱን ምንም አይነካውም። ጎረቤት ደግሞ ቤቱ ሳይባረክ ገብታችሁ ነው ይለናል። ምን ትመክሪኛለሽ?»

ለዚህች እናት «መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት ጋዜጣ ላይ ፈልጊው» ማለት አልቻልኩም። ዝግጅት ክፍሉ ስልኳን ፈልጎ ሰጠኝና በዚያው ሰዓት ደወልኩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋት። «ማታ ስትተኙ ቤት ውስጥ ምን ይነዳል?»

«ከሰል ነዋ! ግን አይጤስም እኮ ሲስተር፤ ደጅ አቀጣጥዬ ፍም ሲሆን ነው የማስገባው» አለችኝ።

ይህን መልስ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። የሰማሁበትን ቀን ልንገራችሁ።

ወጣት ነርስ ሳለሁ ነው፤ በጊዜው በምሠራበት ጤና ጣቢያ የጠዋት ተረኛ ነበርኩ። የሰባት ቀን አራስ ከነሕፃኗ ይዘዋት መጡ። ራሷን ያማታል፣ ያስመልሳታል፣ ስትነሣ ይዞራታል። ትኩሳት የላትም። አብራት የመጣችው አማቷም፣ ልጆቹ «አኮ» የሚሏት አሮጊት፣ «እኔንም ራሴን ይዞኛል፤ ዕንቅልፍ አጥቼ ነው» አለች። እኔም ደም ማነስ ነው፣ ድካም ነው አልኩ። ደግሞ አራሷ እኛ ጋ እየቆየች ስትሄድ ተሻላት፤ ወደ ቀትር ፈገግ ብላ ልጇን አጠባች። የራስ ምታት ክኒን ሰጠሁና ሸኘኋቸው። ስሸኛቸው ያልኩት ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ብርድ እንዳይመታት፤ ቤቱን አሙቁላት።»

አሞቁላት። በሦስተኛው ቀን ማለዳ አራሷን በቃሬዛ ይዘዋት መጡ። ሕፃኑ በእናቱ ጉያ ደካክሞ ነበር። አኮ አልመጣችም። ከምድጃው አጠገብ መሬት ላይ ተኝታ ሌሊቱን እሳቱን የምትጠብቀው እሷ ነበረች፤ እንደተኛች ቀርታለች። እናትና ልጅ በኦክስጅንና በእግዜር ቸርነት ተረፉ። ከዚያ ቀን በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ራሴን አመመኝ ብሎ የመጣን ሰው፣ በተለይ በብርድ ወራት፣ «የት አደርክ? ምን ሲነድ አደረ?» ሳልል አሳልፌ አላውቅም። አራሷ እኛ ጋ ስትቆይ የተሻላት ክኒኔ አልነበረም፤ ንጹሕ አየር ነበር። እኔ ደግሞ ወደ መርዙ መልሼ ላክኋት።

ይህ አፋኝ ነገር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ከሰል፣ እንጨት፣ ኩበት፣ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ ምንም ይሁን ምን የሚነድ ነገር በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ይወጣል። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም፤ አያስልም። ሰው ከጭስ የሚሸሸው ጭሱ ስለሚያቃጥለው ነው። ይህኛው ግን አያስጠነቅቅም። ስለዚህ «አይጤስም» ማለት «አይገድልም» ማለት አይደለም። ፍሙ ግልጥልጥ ብሎ ሲቀላ ጭሱ አለቀ እንጂ አፋኙ አላለቀም። አመድ አልብሰን «ረመጡ እስኪነጋ ይቆይልናል» የምንለው ደግሞ ይብሳል፤ አየር ያጣ ፍም እየተጉመጠመጠ የሚተፋው ይህንኑ ነውና።

ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል? በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን የሚባለው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ በዚህ ተሸካሚ ላይ የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ነው። ጥቂቱ ገብቶ የብዙውን ቦታ ይይዛል። ሰውየው ይተነፍሳል፤ ሳንባው ይሠራል፤ ልቡ ይመታል፤ ነገር ግን አንጎሉና ልቡ ኦክስጅን ይራባሉ። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት፣ ግራ መጋባት፣ በመጨረሻም እንቅልፍ። የተኛ ሰው የመጀመሪያዎቹን ምልክቶች ሳያያቸው ወደ መጨረሻው ያልፋል።

እዚህ ባሌ ደጋ ላይ ሁለት ነገሮች ችግሩን ያብሱታል።

አንደኛው ከፍታችን ነው። ሮቤ ወደ 2,490 ሜትር፣ ጎባ ወደ 2,740 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴ ላይ ሲወጣ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። ጎባ ላይ የምንስበው አየር በባሕር ወለል ላይ ካለው ከሩብ በላይ የሳሳ ነው፤ ኦክስጅኑም በዚያው መጠን ያንሳል። ከፍታው የሳሳ አየር ይሰጠናል፤ ከሰሉ ደግሞ በዚያችው ላይ ይሻማናል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ ከሰል የምናበዛውም ያኔ ነው።

ሁለተኛው የቤታችን መለወጥ ነው። የድሮው ሣር ቤት በክዳኑ በኩል ይተነፍስ ነበር። የጭቃ ቤቱም ቢሆን ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ በሩ ከመቃኑ ጋር አይገጥምም። በዚያ ሁሉ ቀዳዳ ብርድ ይገባል፤ መርዙም በዚያው ይወጣ ነበር። ዛሬ ግን ብሎኬት ደርድረን፣ በሲሚንቶ ለስነን፣ ኮርኒስ ሠርተን፣ በላስቲክ የሚገጥም መስኮት አስገባን። የቀረችውን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፍን። ቤቱ ተለወጠ፤ ምድጃው ግን ያው የድሮው ምድጃ ነው። የሮቤዋ እናት ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ሳይባረክ ቀርቶ አይደለም፤ መተንፈሻ አጥቶ ነው።

ይህን ነገር በደንብ የገባኝ ከአገሬ ርቄ ነው ብላችሁ ትገረሙ ይሆናል። ባለፈው ዓመት ሚኒያፖሊስ የምትኖረው ልጄ ዘንድ ሄጄ ክረምታቸውን ከረምኩ። ከባሌ የሄዱ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ከተማ ነው፤ የጎባን ብርድ ለምደን ያደግን ሰዎች እንኳ የዚያኛውን ብርድ አንችለውም። የተከራዩት ቤት ጥንታዊ ጡብ ቤት ነው፤ የሚሞቀው በእንፋሎት። ምድር ቤት ውስጥ ቦይለር አለ፤ ውሃ ያፈላል። እንፋሎቱ በቧንቧ ወደየክፍሉ ይወጣና በመስኮቱ ሥር በተደረደረ ወፍራም የብረት ራዲያተር ውስጥ ይገባል። ብረቱ ይግላል፤ ክፍሉም ይሞቃል።

እኔ በሄድኩበት ወር ግን የልጆቹ ክፍል በረዶ ሆነ። ሳሎኑ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ቧንቧው በመዶሻ የሚመታ ይመስል «ጓ! ጓ!» ይላል። ልጄ ግፊቱን ከፍ እናድርገው ስትል አንድ አዛውንት ጠጋኝ መጡ። እኔም ከኋላ ከኋላቸው እየተከተልኩ አየሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ አውቶክሌቭ ሳፈላ የኖርኩ ሰው ነኝና እንፋሎት አዲሴ አይደለም።

መጀመሪያ የቦይለሩን የውሃ መጠን በመስታወቱ ቱቦ አዩ። ቀጥሎ ግፊቱን አዩ፤ ከፍ ሊያደርጉት ሲጠበቅ ዝቅ አደረጉት። የመኪና ጎማ 30 ፓውንድ ያህል ግፊት ሲይዝ፣ እንዲህ ያለው ቤት የሚሞቀው ከ2 ፓውንድ ባነሰ ግፊት ነው። ከዚያ ወደ ራዲያተሮቹ ሄዱ። እያንዳንዱ ራዲያተር ሁለት ቧንቧ አለው፤ በአንዱ እንፋሎት ይገባል፣ በሁለተኛው ደግሞ ቀዝቅዞ ውሃ የሆነው ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። በመውጫው በኩል እንደ ዘበኛ የምትቆም ትንሽ ቫልቭ አለች፤ አየሩንና ውሃውን ታሳልፋለች፣ እንፋሎቱን ግን ትይዛለች። የልጆቹ ክፍል ዘበኛ ተዘግታ ቀርታለች፤ በውስጡ ያለው አየር መውጫ ስላጣ እንፋሎቱ መግቢያ አጣ። የሳሎኑ ደግሞ ተከፍታ ቀርታለች፤ እንፋሎቱ ሳይያዝ ወደ መመለሻው ቧንቧ ሮጦ እዚያ ካለው ውሃ ጋር ይጋጫል። ያ «ጓ ጓ» የሚለው ይህ ነው። የሁለቱን የውስጥ ዕቃ ለወጡ፤ ቤቱ ሞቀ።

አውቶክሌቭም እንዲሁ ነው። አየሩን አስቀድመን ካላስወጣን ሰዓቱ ላይ ግፊቱ ይወጣል እንጂ መሣሪያው በትክክል አይቀቀልም። በባሕር ወለል ላይ 15 ፓውንድ ሲል 121 ዲግሪ የሚደርሰው ማሽን፣ ጎባ ላይ ወደ 19 ፓውንድ ይፈልጋል፤ ውሃችን ገና 91 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላልና።

አዛውንቱ ሥራቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ ስል፣ ተመልሰው ወደ ምድር ቤት ወረዱ። የቦይለሩን የጭስ ማውጫ ከሥሩ ጀምሮ በባትሪ እያበሩ መረመሩ። ከዚያ መኝታ ቤቱ በር አጠገብ ግድግዳው ላይ ያለችውን ነጭ ሣጥን ተጫኑ፤ «ጢጥ!» ብላ ጮኸች። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ናት። በሚኒሶታ ሕግ ከየመኝታ ክፍሉ 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ገደማ ሳይርቅ መኖር አለባት። ልጄ እንደተረጎመችልኝ ያሉት ይህን ነው፤ «ራዲያተሩ ቢበላሽ ይበርዳችኋል፤ ማውጫው ቢዘጋ ግን ጠዋት አትነሡም።»

ያን ጊዜ አኮ ትዝ አለችኝ። ያ ሁሉ ብረትና ቧንቧ በአንድ ሐሳብ ይጠቃለላል፤ ሙቀቱ የሚገባበት መንገድ አለው፣ የነደደው ነገር ደግሞ የሚወጣበት ሌላ መንገድ አለው። የእኛ የከሰል ምድጃ ግን መውጫ የለውም። የሚወጣው ወደ ሳንባችን ነው። ላቀች ምድጃም ብትሆን ከሰል ትቆጥባለች እንጂ የጭስ ማውጫ የላትም፤ እሷም ከመኝታ ቤት ትውጣ።

አደጋው የድሃ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየካቲት 2013 ዓ.ም. አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ በበረዶ ማዕበል መብራት ሲጠፋ፣ ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱና ጋራዥ ውስጥ መኪና ያስነሡ ብዙ ሰዎች ታፍነዋል። የእኛ አገር ልጆችም ነበሩባቸው። ስሙ የገነነው ፈረንሳዊ ደራሲ ኤሚል ዞላም እ.ኤ.አ. በ1902 ፓሪስ ውስጥ የሞተው የመኝታ ቤቱ ጭስ ማውጫ ተዘግቶ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስና እንደዚያ ጠጋኝ በተራ እንመርምር።

ምልክቶቹን ለመለየት አምስት ጥያቄ ጠይቁ።

1. ሕመሙ መቼ ይመጣል? ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሡ፣ ወይም በተዘጋ ቤት ከሰል ከበን ቡና ስንጠጣ ከሆነ ጠርጥሩ።

2. ማንን ያማል? አንድ ቤት ያደሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ካመማቸው፣ ውጭ ያደረው ግን ደኅና ከሆነ፣ ተጠያቂው ቤቱ ነው። ድመቷም ብትዝለፈለፍ ልብ በሉ።

3. ደጅ ስትወጡ ይሻላችኋል? ገበያ ደርሳችሁ ስትመለሱ ራስ ምታቱ ከለቀቃችሁ፣ ማታ ደግሞ ከመጣ፣ ትልቅ ምልክት ነው።

4. ትኩሳት አለ? ታይፎይድ ትኩሳት አለው። የከሰል መታፈን አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳት የለውም።

5. ምን ነደደ? ይህን ባለሙያው ባይጠይቃችሁም እናንተ ንገሩት። የታዘዘላችሁን መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ዛሬ ማታስ ምን እናድርግ?

ከሁሉ በላይ ይህችን አንዲት ሕግ ያዙልኝ፤ እሳትና እንቅልፍ በአንድ ክፍል አይደሩ። ምድጃው ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ። ወደ ኮሪደር ወይም ከመኝታ ቤት ጋር ወደ ተያያዘው ጓዳ ሳይሆን ደጅ ይውጣ፤ ነፋስና ሕፃን በማይደርስበት ቦታ በአመድ ወይም በውሃ ይጥፋ።

ሳትተኙ ለቡናም ሆነ ለመሞቅ ስታነዱ፣ ትይዩ የሆኑ ሁለት ቦታዎች ይከፈቱ፤ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይውጣ። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውምና፣ ለመተኛት ፈቃድ አይደለም። አንዳንዶች ምድጃው አጠገብ ውሃ በሳፋ ያስቀምጣሉ፤ ውሃ ይህን ጋዝ አይውጠውም። «ከታች ነው የሚተኛው፣ አልጋ ላይ ከሆንኩ አያገኘኝም» የሚሉም አሉ። ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ክፍሉን ሙሉ ይሞላል፤ አልጋ አያስጥልም።

ታዲያ በምን እንሙቅ? ሙቀትን ከማንደድ በፊት ያለንን ሙቀት ማቆየት ይቅደም። ባዶ ቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀትን ይበትናል፤ ኮርኒስ ብዙ ያግዛል። አልጋውን ከውጭኛው ግድግዳ ፈቀቅ አድርጉ። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ወይም አጎዛ ይነጠፍ። ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም ቡሉኮ ይነጠፍ፤ ብርዱ ከታች ነው የሚወጣው። አንድ ወፍራም ልብስ ከመልበስ ሁለት ሦስት ስስ መደራረብ ይሻላል። ካልሲና ኮፍያ አትናቁ። የጎማ ሙቅ ውሃ መያዣ ካለ ፎጣ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ መልካም ነው፤ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ግን የፈላ ውሃ አትጨምሩ፤ ይጨማደድና ያቃጥላችኋል።

በኤሌክትሪክ የምትሞቁ ልብስ አታስጡበት፤ በቀጭን ገመድ አትቀጥሉት። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የምታስነሡ፣ በረንዳም ቢሆን ቤት ነው፤ ከመስኮት አርቃችሁ ደጅ አድርጉት። አቅም ያላችሁ ደግሞ ጭስ ማውጫ ያለው የብረት ምድጃ አሠሩ። ቧንቧው ከጣሪያው በላይ ይውጣ፤ በየዓመቱ ብርዱ ሳይገባ ጥቀርሻው ይጠረግ፤ ወፍ ጎጆ እንዳልሠራበት ይታይ።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ «ምን ላምጣልሽ?» ሲሏችሁ፣ ሽቶና ጫማውን ትታችሁ ያቺን የምትጮኽ ሣጥን አምጡልን በሉ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይሁን፤ የጭስ ማስጠንቀቂያ ሌላ ነው፣ ይህን አያውቅም። በጀርባው የአገልግሎት ማብቂያው ተጽፏል፤ እሱን እዩ።

ለአራስ ቤት የተለየ ቃል አለኝ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ከሁሉም በላይ በዚህ መርዝ ይጎዳሉ። ጨቅላ ሕፃን መሞቅ አለበት፤ እርግጥ ነው። ነገር ግን ለሕፃን ከእናቱ ገላ የሚበልጥ ምድጃ የለም። ራቁቱን ከዳይፐሩና ከኮፍያው ጋር በእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አድርጋችሁ ከላይ ጋቢ አልብሷቸው። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አትጠቡት። ጡት ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ገንፎው ጓዳ ይገንፋ፤ ቡናው ደጅ ወይም ሌላ ክፍል ይፈላ። አራስ ጥየቃ የምትሄዱ እናቶች፣ ስትገቡ ከምርቃቱ ቀጥሎ ዓይናችሁ ምድጃውን ይፈልግ። አይታችሁ ዝም አትበሉ። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ ከፍዬበታለሁና።

ከገጠር መጥተው ሮቤና ጎባ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ያሏችሁ ወላጆችም፣ ጤፍና በሶ ስትልኩ አንድ ቡሉኮ ጨምሩ። አንድ በርና አንዲት መስኮት ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ አብስለው፣ አጥንተው፣ እዚያው ፍሙ አጠገብ የሚተኙት እነሱ ናቸው። አከራዮችም፣ የእናንተም ልጆች ናቸው፤ ማታ አንኳኩታችሁ «ከሰሉን አወጣችሁ?» ማለት ኪራይ አያስቀንስም።

ሰው ታፍኖ ብታገኙስ?

በሩን በርግዱት፤ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ግቡና መጀመሪያ ሰውየውን ወደ ደጅ አውጡ። እዚያው ቤት ውስጥ ልርዳው ያለ እሱም ይወድቃል። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ውሃም በአፉ አትስጡ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ሎሚ በማሸተት ጊዜ አታጥፉ። ካልተነፈሰ፣ የምታውቁ ሰዎች ደረቱን መጫንና ትንፋሽ መስጠት ጀምሩ። ኦክስጅን ወዳለበት የጤና ተቋም አድርሱት፤ እንደደረሳችሁም የመጀመሪያ ቃላችሁ «ከሰል» ይሁን። በደሙ ያለው መርዝ በተራ አየር ወደ ግማሽ ለመውረድ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ግን ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል።

ለሙያ ልጆቼ አንድ ነገር ላስታውስ። ጣት ላይ የምትገባው የኦክስጅን መለኪያ መርዙን ከኦክስጅን አትለይም። 98 ብላ ስታሳያችሁ አትዘናጉ፤ ታሪኩን እመኑ። በሽተኛውን ስትሸኙም ወደየት እንደሚመለስ ጠይቁ። ቤተሰብም ለሳምንታት ይከታተለው፤ ድኗል ያልነው ሰው ቆይቶ መርሳት፣ ጠባይ መለወጥ፣ ሲራመድ መንገዳገድ ሊጀምረው ይችላል፤ ያኔ መልሱት።

ከሮቤዋ እናት ጋር ባለፈው እሑድ ደግመን ተነጋገርን። በዚያው በደወልኩበት ማታ ምድጃውን አውጥታ፣ መስኮቱን ከፍታ፣ ልጆቹን ይዛ እህቷ ጋ አድራለች፤ በማግስቱ ከሰሉን ነግራ በጤና ጣቢያ ታይተዋል። አሁን ምድጃው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደጅ ይወጣል፤ ልጆቹም ከእሷ ጋር በአንድ ሰፊ አልጋ ላይ ተደራርበው ይተኛሉ። ጠዋት ራሱን የሚይዝ የለም። ባለቤቷ ብቻ ከጥበቃ ሲመለስ «ቤቱ እንደ ሳነቴ ቀዘቀዘ» እያለ ያጉረመርማል አለችኝ።

«ያጉረምርም» አልኳት። «የሚያጉረመርምለት ሰው ቤት ውስጥ አለው።»

እስከ ሳምንት ደኅና ሰንብቱ። ዛሬ ማታ ግን ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን አንድ ጊዜ እዩልኝ።